«ነቅቶ ነበር፤ ነገር ግን አያስታውስም»፦ ስለ ትውስታና ስለ ንቃተ ህሊና የሚነሱ ጥያቄዎች

አንድ ሰው ለጨጓራ ምርመራ ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ቱቦ ጨጓራ የሚታይበት) ክፍል ይገባል። በደም ሥሩ ሚዳዞላም የሚባል ማረጋጊያ ይሰጠዋል፤ ለጎልማሳ ሰው መነሻው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2.5 ሚሊ ግራም ነው። ዓይኑ ይከብደዋል እንጂ ጭልጥ ብሎ አይተኛም። «በግራ ጎንዎ ይዙሩ» ሲሉት ይዞራል፤ «ይዋጡ» ሲሉት ይውጣል፤ ሲያቅለሸልሸው እጁን ያነሳል። ቱቦው ከወጣ በኋላ ስለ ልጆቹ ቢጠይቁት ስማቸውን አንድ በአንድ ይናገራል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ማገገሚያ አልጋው ላይ ሆኖ «መቼ ነው የምትጀምሩልኝ?» ይላል።

ይህ ሰው በዚያ ሰዓት ውስጥ ነበረ ወይስ አልነበረም?

ስለ አንጎል በየመድረኩ ከሚነሱት ጥያቄዎች ሁለቱ አይቀሩም፦ ትውስታ እንዴት ይቀረጻል? «እኔ» የሚለው ስሜት፣ ንቃተ ህሊና የምንለው ነገር፣ ከየት ይመጣል? ጠያቂዎች ብዙውን ጊዜ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ይቆጥሯቸዋል። ሁለት ሥራ ናቸው። በተለያየ የአንጎል ክፍል ይሠራሉ፣ አንዱ ቆሞ ሌላው ሊቀጥልም ይችላል። ዛሬ የምናገረው ሁሉ በዚህ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አማርኛችን እዚህ ላይ ጠንቃቃ ነው። «ራሱን ሳተ» ስንል ንቃቱ ጠፋ ማለታችን ነው። «ረሳው» ስንል ይዞት የነበረው ጠፋበት፤ «ልብ አላለውም» ስንል ደግሞ መጀመሪያውኑ አልያዘውም። «አስታወስኩ» የሚል ሰው ፈልጎ አወጣው፤ «ትዝ አለኝ» የሚል ግን ነገሩ ሳይጠራው መጣበት። በነርቭ ሳይንስ ቤተ ሙከራ እነዚህ በእርግጥም የተለያዩ ሂደቶች ናቸው። ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ የጠፋበት ሰው «መርሳት ጀመርኩ» ብሎ ይደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አልረሳም፤ ቁልፉን ሲያስቀምጥ ስልክ እያወራ ስለነበር ልብ አላለውም። ያልተጻፈ ነገር አይጠፋም።

ሁለቱ ሥራዎች መነጣጠላቸው በጉልህ የታየው በአንድ ሰው ጉዳት ነው። ሄንሪ ሞላይሰን በ1926 በአሜሪካ ኮነቲከት ተወለደ (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ እያደር ሥራ እስከማቆም አደረሰው። በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ዊሊያም ስኮቪል የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከሁለቱም የአንጎሉ ጎኖች፣ ከጆሮ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥ ከሚገኘው ክፍል፣ ሂፖካምፐስ ከሚባለው አካል ትልቅ ድርሻ ጨምሮ አወጣለት። ሕመሙ ቀለለ። ከዚያ በኋላ ግን እስከ ሞተበት እስከ 2008 ድረስ፣ ለ55 ዓመታት፣ አዲስ የሕይወት ገጠመኝ መያዝ ሳይችል ቀረ። ለአሥርተ ዓመታት ያጠኑትን ተመራማሪዎች በተገናኙ ቁጥር እንደ አዲስ ይተዋወቃቸው ነበር።

ልብ በሉ፣ ራሱን አልሳተም። ይናገራል፣ ይቀልዳል፣ መስቀለኛ ቃላት ይሞላል፣ ልጅነቱን ያስታውሳል። ያጠናችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ብሬንዳ ሚልነር 584 የሚለውን ቁጥር እንዲይዝ ነግራው ወጣች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስትመለስ ቁጥሩ በአፉ ላይ ነበር፤ 5፣ 8 እና 4ን እየደመረና እያጣመረ ያለማቋረጥ ሲያብሰለስለው ቆይቷል። ሐሳቡ ወደ ሌላ ነገር ሲዞር፣ በደቂቃ ውስጥ፣ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ቁጥር ያዝ መባሉም ጠፋ። የአሁኗን ቅጽበት በእጅ ይዞ የሚያቆየው ሥራ ከግንባር ጀርባ ያለውን ኮርቴክስ (የአንጎልን የላይኛ ሽፋን) በእጅጉ ይጠቀማል፤ እሱ አልተነካበትም። የሚይዘው ግን ጥቂት ነው፤ ዛሬ የሚጠቀሰው ልክ አራት ነገር ገደማ ነው። ሂፖካምፐስ የሚያስፈልገው ያንን ወደ ነገ ለማሻገር ነው።

ሌላም ነገር ተገኘ። ሚልነር በመስተዋት ብቻ እያየ በሁለት የኮከብ መስመሮች መካከል በእርሳስ እንዲስል አደረገችው። በመስተዋት እጅ ወደተቃራኒው ይሄዳል፤ የሞከረ ያውቀዋል። ሞላይሰን በሦስት ቀን 30 ጊዜ ሞከረ። በሦስተኛው ቀን ስህተቱ ጥቂት ሆነ፣ በየቀኑ ግን ይህን ሥራ አይቶ እንደማያውቅ ነበር የሚናገረው። የእጅ ልማድ፣ እንደ ብስክሌት መንዳት ወይም እንጀራ እንደ መጋገር ያለው፣ በሌላ መንገድ ይቀመጣል፤ ቤዛል ጋንግሊያ እና ሴሬቤለም የሚባሉት ክፍሎች ሥራ ነው። የመርሳት በሽታ የያዛቸው እናት የልጃቸው ስም ጠፍቶባቸው ቡና ማፍላቱ ለረጅም ጊዜ የሚቆይላቸው ከዚህ የተነሳ ነው።

ታዲያ ሂፖካምፐስ ውስጥ ምን ይከናወናል? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ነገሩ በአንዲት በር ላይ ነው ያለው። ሁለት የነርቭ ሴሎች የሚገናኙበት ቦታ ሲናፕስ ይባላል። አይነካኩም፤ በመካከላቸው የአንድ ሚሊ ሜትር ሃምሳ ሺህኛ የሚያህል ክፍተት አለ። አንደኛው ሲቀሰቀስ ግሉታሜት የሚባል ኬሚካል ወደ ክፍተቱ ይረጫል። በማዶ ያለው ሴል ሁለት ዓይነት በሮች አሉት። አንደኛው አምፓ ይባላል፤ ግሉታሜት ሲነካው ይከፈታል፣ ሶዲየም ይገባል፣ መልእክቱ ያልፋል። ይህ የዘወትር ሥራ ነው። ሁለተኛው ኤንኤምዲኤ ይባላል፤ ግሉታሜት ቢነካውም አያሳልፍም፣ ጉሮሮው ላይ የማግኒዝየም ቅንጣት ተወትፋለችና። ቅንጣቷ የምትወጣው የተቀባዩ ሴል የኤሌክትሪክ መጠን በዕረፍት ጊዜ ካለበት ከኔጌቲቭ 70 ሚሊ ቮልት ገደማ በበቂ ከፍ ሲል ብቻ ነው። እንደ ባንክ ካዝና አድርጋችሁ አስቡት፤ ሁለት ቁልፍ አለው፣ ሁለቱ ባለቁልፎች በአንድ ሰዓት ካልተገኙ አይከፈትም። ላኪው እየላከ መሆን አለበት፣ ተቀባዩም በራሱ መቀስቀስ አለበት። ሁለት ነገሮች «አብረው ሆኑ» የሚለውን የሚለየው ይህ በር ነው፤ የመልክና የስም፣ የሽታና የቤት መያያዝ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ማግኒዝየሟ ስትወጣ ካልሲየም ይገባል። ካልሲየሙ ኢንዛይሞችን ያነቃል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ተጨማሪ የአምፓ በሮች ወደ ሴሉ ገጽ ይወጣሉ። ከእንግዲህ ያው መጠን ግሉታሜት ቢመጣ ምላሹ ይበረታል። ይህን መጠናከር ቲም ብሊስ እና ቴርዬ ሎሞ በ1973 በጥንቸል ሂፖካምፐስ አሳዩ፤ በ1986 ሪቻርድ ሞሪስ እና ባልደረቦቹ የአይጦችን ኤንኤምዲኤ በር በመድኃኒት ሲዘጉ አይጦቹ በውሃ ገንዳ ውስጥ የተሰወረውን መቆሚያ የሚገኝበትን ቦታ መማር ተሳናቸው። ያም ሆኖ የደቂቃዎቹ ለውጥ ገና በእርሳስ የተጻፈ ነው። ለቀናትና ለዓመታት እንዲቆይ ምልክቱ እስከ ሴሉ እምብርት ደርሶ ጂኖች መከፈት፣ አዲስ ፕሮቲን መመረት፣ የሲናፕሱ ቅርጽ መለወጥ አለበት። ኤሪክ ካንደል በባሕር ቀንድ አውጣ ላይ ይህን በመከታተል በ2000 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ሂደቱ ሰዓታት ይወስዳል፣ በመሃል ሊቋረጥም ይችላል። በመኪና አደጋ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ግጭቱን ብቻ ሳይሆን ከግጭቱ በፊት የነበሩትን ደቂቃዎች ጭምር የሚያጣው እርሳሱ ቀለም ሳይሆን ስለቀረ ነው። «ደብቆ ነው» የሚል ፖሊስ ወይም ዘመድ ይህን ቢያውቅ ደግ ነው።

በሀገራችን ሆስፒታሎች፣ በተለይ ከትልልቅ ከተሞች ራቅ ባሉት፣ ብዙ የሚሠራበት ኬታሚን የሚዘጋው ይህንኑ የኤንኤምዲኤ በር ነው። ታካሚው ዓይኑ ተገልጦ፣ እየተነፈሰ፣ ከሰውነቱ የተለየ ሊመስለው ይችላል፤ ሲነቃም ሲንሳፈፍ እንደነበር የሚናገር አለ። ራስን መሳት ባለ ማብሪያና ማጥፊያ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል።

«አንድ ትውስታ የት ነው የተቀመጠው?» የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ መልስ አልነበረውም። በ2012 በሱሱሙ ቶኔጋዋ ቤተ ሙከራ አይጦች በአንድ ሳጥን ውስጥ እግራቸውን በኤሌክትሪክ ሲነኩ ሂፖካምፐሳቸው ውስጥ የተቀሰቀሱት ሴሎች ብርሃን የሚያነቃው ፕሮቲን እንዲያወጡ ተደረገ። በኋላ አይጧን ምንም ክፉ ነገር ባላየችበት ሌላ ሳጥን አስገብተው ብርሃን ሲያበሩ፣ በፍርሃት ድርቅ ብላ ቆመች። ስለዚህ ትውስታ በአንድ ሴል ውስጥ እንደ ፋይል የተቀመጠ ነገር አይደለም፤ ተበታትነው የሚገኙ ሴሎች በአንድነት የመነሳት ልማድ ነው። ማስታወስ ማለትም ያንን ማኅበር እንደገና መጥራት ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ብዙ ሰው መቀበል ይከብደዋል። ማኅበሩ በተጠራ ቁጥር አባላቱ ይለዋወጣሉ። ኤልዛቤት ሎፍተስ እና ጆን ፓልመር በ1974 ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። «መኪኖቹ ሲጋጩ» ከማለት ይልቅ «ሲፈጠፈጡ» የሚል ጠንከር ያለ ግሥ ተጠቅመው ፍጥነቱን ሲጠይቁ የተገመተው ፍጥነት ከፍ አለ። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲባሉ ጠንካራውን ግሥ ከሰሙት 32 በመቶው፣ ለስላሳውን ከሰሙት 14 በመቶው «አዎ» አሉ። ፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። በ2000 ደግሞ ካሪም ናደር እና ባልደረቦቹ በአይጥ ላይ እንዳሳዩት የተረጋጋ የፍርሃት ትውስታ ሲቀሰቀስ ለጥቂት ሰዓት ይለሰልሳል፤ በዚያ ጊዜ ፕሮቲን እንዳይመረት ከተደረገ ይጠፋል። ምስክር መርማሪ «ምን አየህ?» ብሎ መጠየቅ እንጂ «ቀዩ መኪና በምን ፍጥነት ነበር?» ብሎ መጀመር የለበትም የሚባለው ለወጉ አይደለም። ምስክሩ እየዋሸ አይሆንም፤ ጥያቄው ራሱ ወደ ትውስታው ገብቷል።

ስካርም እዚህ ይገባል። «ማታ ያደረግኩትን አላውቅም» የሚል ሰው ራሱን ስቶ ነበር ማለት አይደለም፤ ሲጨፍር፣ ሒሳብ ሲከፍል፣ ሲጣላ የነበረው ነቅቶ ነው። በደሙ ውስጥ ያለው አልኮል በፍጥነት ሲወጣ፣ በአብዛኛው 0.16 በመቶ አካባቢና ከዚያ በላይ፣ ሂፖካምፐሱ መጻፍ ያቆማል፤ የአሁኗን ቅጽበት የሚይዘው ክፍል ግን ይቀጥላል። እንደ ሞላይሰን 584ን ለደቂቃ ይይዛል፣ ከዚያ የለም። ባዶ ሆድ ላይ አረቄ በላይ በላዩ መጠጣት ይህን የሚያመጣው መጠኑ ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱ ስለሆነ ነው። ሌሊቱ ሙሉ በሙሉ ካልተጻፈ በኋላ «ቀስ ብሎ ይመጣልኛል» የሚለው ተስፋ ከንቱ ነው። ጓደኞቹ ሲነግሩት «አሁን ትዝ አለኝ» ቢልም ከነገሩት የሠራው ሊሆን ይችላል።

ወደ ተማሪዎች ጥያቄ ልለፍ፤ በየትኛውም መድረክ «ያነበብኩት አይቀመጥልኝም» የማይል ተማሪ የለም። ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ትርጉም የለሽ ፊደላትን በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳተመው ከአንድ ሰዓት በኋላ 44 በመቶ ያህሉ፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34፣ ከአንድ ወር በኋላ 21 በመቶ ይቀር ነበር። ውድቀቱ የሚከፋው በመጀመሪያው ሰዓት ነው፤ ከዚያ ይዘገያል። መፍትሔው መደጋገም ነው ይባላል፣ ግን ምን ዓይነት? ሮዲገር እና ካርፒክ በ2006 ተማሪዎችን ለሁለት ከፈሉ፤ አንዱ ቡድን አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ አጠና፣ ሌላው አንድ ጊዜ አጥንቶ ሦስት ጊዜ ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፦ 83 በመቶ በ71። ከሳምንት በኋላ ግን ተገላበጠ፦ 40 በመቶ በ61። ደጋግመው ያነበቡት የበለጠ እንደሚያስታውሱ እርግጠኞች መሆናቸው ደግሞ ነገሩን አደገኛ ያደርገዋል። ገጹ ዓይን ሲለምደው አንጎል «አውቀዋለሁ» ይላል፤ ማወቁ የሚፈተነው ግን ገጹ ሲዘጋ ነው።

የአብነት ትምህርት ቤት ይህን ሳይንስ ሳይቆጥር ሲሠራበት ኖሯል። የቃል ትምህርት የሚሰጠው ማታ፣ መጽሐፍ በማይታይበት ሰዓት ነው፤ ተማሪው የተቀበለውን ቀለም ለመምህሩ በቃሉ ያሰማል፣ ሲሳሳት ወዲያው ይታረማል። ቁርአን የሚሐፍዝ ልጅም ትናንት የያዘውን ዛሬ ሳያይ ለኡስታዙ ያሰማል፣ የቆየውንም በየጊዜው ይመልሳል። በዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ሽምደዳ እንደ ስድብ ይነገራል። ስድቡ ያለቦታው ነው፤ ችግሩ በቃል መያዙ ሳይሆን መጽሐፍ ገልጦ፣ ቀለም እየቀባ፣ ለፈተና ዋዜማ ማነብነቡ ነው። በተግባር እንዲህ ይደረጋል፦ ሁለት ገጽ አንብብ፣ ዝጋ፣ በባዶ ወረቀት የያዝከውን ጻፍ፣ ከፍተህ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙላ። ቀጥሎ የምትመለስበት ጊዜ በፈተናው ቀን ይወሰናል። በ2008 በወጣ ሰፊ ጥናት ፈተናው ከሳምንት በኋላ ከሆነ በሁለቱ ጥናቶች መካከል የተሻለው ክፍተት 1 ቀን ያህል፣ ከ35 ቀን በኋላ ከሆነ 11 ቀን ገደማ፣ ከዓመት በኋላ ከሆነ ሦስት ሳምንት አካባቢ ነበር። ትንሽ ረስተህ ስትመለስ ይከብዳል፤ መክበዱ ነው የሚሠራው።

ስለ እንቅልፍ በአጭሩ፦ ቀን አይጧ በሄደችበት መንገድ የተቀሰቀሱ የሂፖካምፐስ ሴሎች ማታ በእንቅልፏ አብረው እንደሚነሱ ዊልሰን እና ማክኖተን በ1994 አሳይተዋል። ከባዱ እንቅልፍ የሚበዛው በሌሊቱ የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ሕልም የሚበዛበት ደግሞ ወደ ንጋት ነው። ለፈተና ሌሊቱን ጫት ቅሞ የሚያድር ተማሪ ሁለቱንም ይቆርጣል፤ ያነበበው የሚጻፍበትን ሰዓት ሸጦ ተጨማሪ ገጽ ይገዛል።

እስካሁን የተናገርኩት መጻፍን ነው። መንቃትስ? የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሴል አለው። ከእነዚህ ውስጥ 69 ቢሊዮን ያህሉ ከማጅራት በላይ ባለው ትንሽ ክፍል፣ በሴሬቤለም፣ ይገኛሉ፤ እሱ ቢጎዳ ሰው ይንገዳገዳል እንጂ ራሱን አይስትም። በአንጻሩ በአንጎል ግንድ የላይኛው ክፍል የጣት ጫፍ የማይሞላ ቁስል ሰውን ኮማ ውስጥ ይጥላል። እዚያ ያለው መረብ እንደ መብራት ኃይል ነው፤ መብራቱን ይለቃል፣ የምታየውን አይወስንም። የምታየው የሚወሰነው በአንጎል መሃል ያለው ታላመስ እና ኮርቴክስ በሚያደርጉት ምልልስ ነው። (በዚህ አጋጣሚ፣ የአንጎላችንን 10 በመቶ ብቻ ነው የምንጠቀመው የሚባለው ፈጽሞ ሐሰት ነው። ከክብደታችን 2 በመቶ የሆነ አካል የሰውነታችንን ጉልበት 20 በመቶ የሚበላው ሥራ ፈቶ አይደለም።)

ማየትና ማየትን ማወቅም ይለያያሉ። ሎረንስ ዋይስክራንትዝ በ1974 ባልደረቦቹን ይዞ የመረመረው ሰው ከኋላ ያለው የዕይታ ኮርቴክሱ በአንድ ጎን ወጥቶለት ነበር። በዚያ ወገን «ምንም አይታየኝም» ይላል፤ «ዝም ብለህ ገምት፣ ብርሃኑ የት ነው?» ሲባል ግን በትክክል ይጠቁማል። መረጃው አንጎል ገብቷል፣ እሱ ዘንድ ግን አልደረሰም። ለምን? በርናርድ ባርስ በ1988 ያቀረበውና ስታኒስላስ ዴሃን ያዳበረው አስተሳሰብ ይህን እንደ ነጋሪት ነገር ያየዋል፦ አንድ መረጃ በአንድ ሰፈር ሲቀር አናውቀውም፣ ነጋሪት ተጎስሞ ኮርቴክሱ ሁሉ ሲሰማው ነው የሚታወቀን። የጁሊዮ ቶኖኒ አስተሳሰብ ግን ቁልፉ ክፍሎቹ እርስ በርስ የተሳሰሩበት መጠን ነው ይላል። በ2025 የሁለቱም ደጋፊዎች ተስማምተው ያደረጉት የጋራ ሙከራ ውጤት ታተመ፤ የሁለቱም ትንበያ የተሳካው በከፊል ብቻ ነው። ቀድሞ በ1998 ክሪስቶፍ ኮክ የንቃት ምልክት በ25 ዓመት ውስጥ ይታወቃል ብሎ ከፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ ጋር በወይን ጠጅ ተወራርዶ ነበር፤ በ2023 ኒው ዮርክ ላይ መረታቱን አምኖ ወይኑን አስረከበ። ለምን ሕመም «ያማል»፣ ለምን ምልክት ብቻ ሆኖ አይቀርም የሚለው የቻልመርስ ጥያቄ ዛሬም ክፍት ነው፤ «ተፈቷል» የሚላችሁን አትመኑ።

ጥያቄው ክፍት ቢሆንም በአልጋ አጠገብ ያለው ሥራ አይጠብቅም። በ2006 አድሪያን ኦወን እና ባልደረቦቹ በመኪና አደጋ ከተጎዳች አምስት ወር የሆናትን፣ ዓይኗ የሚገለጥ ነገር ግን ለምንም ትእዛዝ የማትመልስ የ23 ዓመት ሴት ኤምአርአይ ውስጥ አስገብተው «ቴኒስ እየተጫወትሽ ነው ብለሽ አስቢ» አሏት። እንቅስቃሴ የሚያቅደው ክፍል ተነሳ። «በቤትሽ ክፍሎች ውስጥ እየተዘዋወርሽ ነው ብለሽ አስቢ» ሲሏት ሌላው፣ የቦታው ክፍል፣ ተነሳ። በ2024 በስድስት ማዕከላት የተደረገ ጥናት ምላሽ የሌላቸውን 241 ታካሚዎች መርምሮ 60ዎቹ በዚህ መንገድ እንደሚመልሱ አገኘ። ይኸው ምርመራ ግን በዓይን በሚታይ ምላሽ ትእዛዝ ከሚፈጽሙት 112 ሰዎች መካከል በ43ቱ ብቻ ነው ምልክት ያገኘው። ድካም፣ እንቅልፍ፣ መድኃኒት፣ የቋንቋ ጉዳት ምልክቱን ይሸፍኑታል። ስለዚህ «አዎ» ካለ ይታመናል፤ ዝም ካለ ግን ምንም አልተረጋገጠም። አስታማሚ በታካሚው ራስጌ ቆሞ ስለ መቃብር ቦታ ማውራት የለበትም።

ወደ ኢንዶስኮፒው ሰው ልመለስ። ነቅቶ ነበር፤ ያልተሠራው መጻፉ ነው። ይህ ለሐኪሙ የፍልስፍና ነገር አይደለም፣ ሚዳዞላም ሕመም አያስታግስምና። እሱን ብቻ ሰጥቶ «አያስታውሰውም» ብሎ የሚያም ነገር መሥራት ማለት ሰውየው ሕመሙን ሙሉ በሙሉ ተሰምቶት ኋላ ምስክር ሳይኖረው ይቀራል ማለት ነው። የሚያም ሥራ ካለ ማስታገሻ፣ ፔቲዲን ወይም ፈንታኒል፣ ወይም በቦታው የሚረጭ ሊዶኬይን፣ ለብቻው ይሰጣል። ሚዳዞላምና እንደ ፔቲዲን ወይም ፈንታኒል ያለው ማስታገሻ ደም ሥር ውስጥ ሲገናኙ ትንፋሽ ስለሚያደክሙም የኦክስጅን መለኪያው ጣቱ ላይ እንዳለ ይቆያል። ውጤቱ፣ የመድኃኒቱ አወሳሰድና በዚያ ቀን መኪና አለመንዳቱ የሚነገረው ደግሞ ለእሱ ብቻ አይደለም። «እሺ፣ ገብቶኛል» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፣ እውነትም ገብቶታል፤ ወረቀቱን ግን ለመጣው ወንድሙ ስጡት።